አውሮፕላኑ ላይ የተጻፈው ስም

እዚህ ዋሽንግተን፣ ከደለስ ኤርፖርት የሚነሱት ትንንሽ ጄቶች ላይ «ዩናይትድ ኤክስፕረስ» ተብሎ ተጽፏል። ትኬቱም የዩናይትድ ነው። አብራሪዎቹ ግን የዩናይትድ ሠራተኞች አይደሉም፤ የቀጠራቸው በኮንትራት የሚያበር ሌላ ኩባንያ ነው። ይህን ያወቅሁት የጎረቤቴ ልጅ አብራሪ እሆናለሁ ብሎ ሲነሳ ነው።

እንዲህ በኮንትራት የሚያበሩትን ትንንሽ ኩባንያዎች ሪጅናል፣ ትልልቆቹን ሜይንላይን ይሏቸዋል። የወጣቱ ሁሉ ምኞት ከሪጅናል ወደ ሜይንላይን መሻገር ነው። ሪጅናል ለመግባት ራሱ ግን 1,500 ሰዓት የበረራ ልምድ ያስፈልጋል፤ ከጦር ኃይልና ከአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚመጡት ብቻ ይቀነስላቸዋል። ሕጉ የመጣው በፈረንጆቹ 2009 ኒውዮርክ ስቴት፣ ቡፋሎ አጠገብ ኮልጋን የተባለ ሪጅናል ኩባንያ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ካለቀ በኋላ ነው። የወደቀው ኪው 400 የሚባለው ትንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነበር፣ እኛ ጅማና አርባ ምንጭ የምንሄድበት ዓይነት። ያኔ ነው ሕዝቡ የሪጅናል ጀማሪ አብራሪ በዓመት 20 ሺህ ዶላር አካባቢ እያገኘ፣ እንቅልፍ ሳይጠግብ እንደሚያበር የሰማው። አሁን ክፍያው ተሻሽሏል። በ2022 አብራሪ ሲጠፋ የአሜሪካን ኤርላይንስ ሪጅናሎች ለጀማሪ በሰዓት 90 ዶላር እስከመክፈል ደርሰዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እዚህ አብራሪ የሚኖረው በቅጥር ተራው ነው፤ ቀድሞ የተቀጠረ ይቀድማል። የሚያበረው አውሮፕላን፣ የዕረፍት ቀኑ፣ ካፒቴን የሚሆንበት ጊዜ፣ ሁሉም በተራው ይወሰናል፤ ኩባንያ ሲቀይር ደግሞ ተራው ይቀርና ከታች ይጀምራል። በ2020 ኤክስፕረስጄት የተባለው ሪጅናል የዩናይትድን ኮንትራት ሲያጣ በረራውን አቆመ። እዚያ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ካፒቴኖች ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ሰው ተሰለፉ። ዩናይትድ ግን መብረሩን ቀጥሏል።

አገር ቤት ትንሹን ኪው 400 የሚያበረውም ትልቁን ኤ350 የሚያበረውም ደመወዙን የሚቀበለው ከአንድ ቤት፣ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በፈረንጆቹ 2010 የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው በዚሁ በኪው 400 ነው። በፈረንጆቹ 2015 ሴቶች ብቻ የሠሩበትን የባንኮክ በረራ መራች። ከትንሹ ወደ ትልቁ ስታልፍ አሠሪ አልቀየረችም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ እዚያ ሆነን ግን ልብ አንለውም።

ችግሩንም አልደብቅም። ቤቱ አንድ ስለሆነ ያልተመቸው አብራሪ አገሩ ውስጥ የሚሄድበት ሰፊ አማራጭ የለውም፤ ብዙው ዓይኑን ወደ ባሕረ ሰላጤው ይጥላል። የአሜሪካው ቢያንስ ማኅበሩ ይከራከርለታል፣ ሲከፋውም ሌላ በር ያንኳኳል።

የጎረቤቴ ልጅ ትምህርቱን በብድር ጨርሶ አሁን ሌሎችን እያስተማረ ሰዓቱን ይለቅማል። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ «ጋሼ፣ እናንተ ጋ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲሄዱ አዲስ ሥራ ያመለክታሉ?» አለኝ። «ኧረ አያመለክቱም፣ ያው ቤታቸው ነው» አልኩት። ሲኒውን ይዞ ዝም አለ። ሰኞ ጠዋት በ12 ሰዓት ተማሪ ነበረው።