«በአየር አይተላለፍም» የሚልም ማስረጃ ያምጣ

አዲስ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ በመጣ ቁጥር «በአየር ይተላለፋል ወይ?»፣ ማለትም ከታማሚው ትንፋሽ ወጥቶ አየር ላይ ተንሳፎ በሚቆይ ደቃቅ ብናኝ ይተላለፋል ወይ የሚል ክርክር ይነሳል። «ይተላለፋል» ያለ ሰው ማስረጃ አምጣ ይባላል። «አይተላለፍም» ያለውን ግን የሚጠይቀው የለም። ይህ አካሄድ ብዙ ዋጋ አስከፍሎናል ብዬ አምናለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2020 ኮቪድ-19 በአየር አይተላለፍም ብሎ በትዊተር ቁርጥ አድርጎ ጻፈ። በዚያው ወር በ10ኛው ቀን በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት 61 መዘምራን ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አብረው ተለማምደው ነበር። በምርመራ የተረጋገጠውና የተጠረጠረው ሲደመር 53ቱ ታመሙ። ሁለቱ ሞቱ።

ያኔ የሚቀርበው መከራከሪያ «የሚያዙት ቅርብ ያሉት ናቸው፤ ስለዚህ በሽታውን የሚያመጣው ሲያስሉ ተፈናጥሮ ወዲያው የሚወድቀው ጠብታ ነው» የሚል ነበር። የሲጋራ ጭስም እኮ የሚበረታው አጫሹ አጠገብ ነው! ቅርብ ያለ ሰው ስለተያዘ ብቻ ጠብታ ይሁን አየር መለየት አይቻልም።

ማስረጃ መፈለጉ ቀላል አይደለም። አየሩን በመሣሪያ ስበው ናሙና ይወስዳሉ። ግን መሣሪያው ራሱ ቫይረሱን ሊጎዳው ይችላል። የቫይረሱን ዘረመል ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ሴል ውስጥ ገብቶ የሚባዛ ቫይረስ ማግኘት ሌላ። በናሙናው አልተገኘም ማለት ደግሞ አየሩ ውስጥ የለም ማለት አይደለም።

እኔን እስካሁን የሚያስደንቀኝ ተመራማሪው ሪቻርድ ራይሊና ባልደረቦቹ አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ በቲቢ ላይ ያደረጉት ሙከራ ነው። ከታማሚዎች ክፍል የወጣውን አየር በቱቦ ወደ ጊኒ ፒጎች ላኩት። እንስሶቹ ከታማሚዎቹ ጋር የተጋሩት አየር ብቻ ነበር። ቲቢ ያዛቸው። አየሩ በአልትራቫዮሌት ጨረር እየጸዳ የደረሳቸው ሌሎቹ ግን አልተያዙም። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መልስ በሳይንስ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ለኮቪድ እንዲህ ያለ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ አልነበረብንም። በጁላይ 2020፣ 239 ሳይንቲስቶች በአየር የመተላለፉ ነገር ትኩረት ይሰጠው ብለው ደብዳቤ ጻፉ። የዓለም ጤና ድርጅት አቋሙን ቀስ በቀስ አስተካክሎ ቫይረሱ በአየር እንደሚተላለፍ በግልጽ ያሰፈረው 2021 ላይ ነው። በመካከሉ ስንቱ ሰው ዕቃ ሲወለውል፣ መስኮቱ ግን ዝግ ነበር!

ለሚቀጥለው ቫይረስ የምጠይቀው ይህን ነው። የጤና ተቋማት እርግጠኛ ካልሆኑ «ገና አላወቅንም፤ እስክናውቅ ግን መስኮት ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ» ይበሉ። ተመራማሪዎችም ከመጀመሪያው ታማሚ ጀምሮ የክፍሉን ስፋት፣ አየሩ እንዴት ይወጣና ይገባ እንደነበር፣ ማን የት ተቀምጦ ለስንት ሰዓት እንደቆየ ይመዝግቡ።