እጃችሁ ይባረክ፣ የ«ኦኬ» አርበኞች

የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለሁ በግቢያችን የቪዲዮ ላብ ውስጥ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። እዚያ ቤት ከሁሉ ፈጣኑ ጎበዝ ኤዲተሩ አይደለም። ኤረር ሲመጣ ቀድሞ «ኦኬ» የሚለው ነው። ቪዲዮ የምንቆርጥበት ፕሮግራም፣ ፕሪሚየር ምስኪኑ፣ «አንዴ ስሙኝማ» ብሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሊናገር ብቅ ሲል፣ ጠቅ! ጠፋ። ችግሩስ? እዚያው አለ። ግን ዓይን ካላየው ምን ያደርጋል?

ማንበብማ ለፈተና ነው።

አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ጭንቅላቱን ይዞ ሲያቃስት «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ኤረር።»

«ምን የሚል ኤረር?»

«ኤረር ነዋ!»

በጥያቄዬ አፈርኩ። ለካ ሐኪም «ምንህን አመመህ?» ሲል «ሕመም» ብሎ መመለስ ይበቃል።

ምርመራቸው ደግሞ ያስቀናል። ላብራቶሪ የለ፣ ራጅ የለ፤ «ቫይረስ ነው» በቃ። ስክሪኑ ደም መስሎ «ሚዲያ ኦፍላይን» ካለ፣ ቫይረስ። ያ ቀይ ሰሌዳ «ክሊፑን አጣሁት» እያለ በስንት ቋንቋ እንደሚጮህ አይታችኋል? አማርኛ ስለሌለበት ግን እኛን አይመለከትም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የፕሮጀክቱ ፋይል ክሊፑን በሆዱ አይዝም፣ ያለበትን አድራሻ ብቻ ነው የሚመዘግበው። ወዳጃችን ደግሞ ክሊፑን ወደ ኮምፒውተሩ ሳይገለብጥ፣ ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ሲቆርጥና ሲቀጥል ውሎ፣ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከትቶ ሄዷል። ሲመለስ በሌላ ፍላሽ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተሩ ዶርም ድረስ ሄዶ ትራሱን ገልጦ ስላልፈለገለት ቫይረስ አለበት።

ባለ 32 ጊጋ ባዶ ፍላሽ አንድ 5 ጊጋ ቪዲዮ አልቀበልም ሲልም አንድ መልእክት ይመጣል። «ፋይሉ ለዚህ ዓይነት ፎርማት ትልቅ ነው» ይላል። ፋት 32 የሚባለው የፍላሽ ፎርማት ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይወስድም፤ መፍትሔው ፍላሹን ኤክስ ፋት በሚባለው ሌላ ዓይነት ፎርማት ማድረግ ነው። የእኛ ሰው ግን «ኦኬ» ይልና ሻጩን ይረግማል። «ፌክ ሸጠልኝ!»

ከሁሉ የማደንቀው ግን ጨዋነታቸውን ነው። ማሽኑ እምቢ ሲል አይጮሁም፣ አይጨቃጨቁም። ለላብ ቴክኒሻኑ ነግረው ሰው አያስቸግሩም። ድምፅ ሳያሰሙ ተነስተው ቀጣዩ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እሱም እምቢ ሲል፣ ወደ ቀጣዩ። ከራስ በላይ ነፋስ አይደል? በዚህ ሁኔታ ግንቦት ገብቶ የመመረቂያ ሥራ ሲደርስ፣ ከሃያው ኮምፒውተር የሚሠሩት ስድስት ይሆናሉ። ተራ ለመያዝ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚመጣ ነበር። ዳቦ ቤት እንኳ እንዲያ አይሰለፉም።

በመስኮቱ በኩል አንድ ማሽን ነበር። ግንባሩ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። አለጣጠፉ ራሱ ያስመሰግናል፤ አራቱም ጥግ በፕላስተር። ፍሬሽማን ሆኜ ስገባም ነበረ። አንድ ማታ ቦታ ሳጣ፣ ሳልወድ በግዴ እሱ ላይ ተቀመጥኩ፤ ወረቀቱን ልጬ ማሽኑን አበራሁት። ተነሳ። ፕሪሚየርን ከፈትኩ፣ ኤረር መጣ። ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኙን ቃኘሁና... አነበብኩት።

«ሲ ድራይቭ ሞልቷል» ነው የሚለው፤ የኮምፒውተሩ ዋና ማከማቻ ማለት ነው። በቃ ይኸው ነው። ሁላችንም የምንገባው «ስቱደንት» በሚል አንድ ስም ነው። ፕሪሚየር ቪዲዮ ባስገባን ቁጥር ሚዲያ ካሽ የሚባል የራሱን ፋይል በዚያው ስም ሥር ያከማቻል። ተመራቂ በተመራቂ ላይ ሲደራረብ ድራይቩ እስከ አንገቱ ጠግቧል። ፕሪፈረንስ የሚባለው የፕሪሚየር ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ የሚዲያ ካሹን አጠፋሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ማሽኑ እንደ ውርንጭላ ፈነጠዘ።

እስከ እኩለ ሌሊት ስሠራ አመሸሁ። ሥራዬን ወደ ሃርድ ዲስኬ ገልብጬ ዘጋሁት። ከዚያ ወረቀቱን ከወንበሩ ሥር አነሳሁና መልሼ ለጠፍኩት፤ አራቱንም ጥግ፣ በፕላስተር። ኤክስፖርቱ፣ ያለቀውን ቪዲዮ ማውጣቱ፣ ለነገ ይቀረኝ ነበር።