እርማት፦ በአሜሪካ ሬዲዮ ዘፈን የሚቆርጠው መንግሥት አይደለም

«በአሜሪካ ሬዲዮ ሰባት የተከለከሉ ቃላት አሉ፣ መንግሥት አስቀድሞ ሰምቶ ከዘፈኑ ያወጣቸዋል» ላልከው ወንድሜ፣ ልክ አይደለም። ሰባቱ ቃላት የኮሜዲያኑ የጆርጅ ካርሊን ቀልድ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም። ቀልዱ እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርክ ሬዲዮ ተላልፎ አንድ አባት አቤት አለ፣ ነገሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 ጣቢያው ተረታ፤ ወሬው ከዚያ የቀረ ነው። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ስርጭት ተቆጣጣሪ የሆነውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ኤፍሲሲን፣ ሳንሱር እንዳያደርግ ሕጉ ራሱ ይከለክለዋል! አቤቱታ ሲመጣ መርምሮ ይቀጣል እንጂ አስቀድሞ አይሰማም። ታዲያ ማን ይቆርጣል? አሳታሚው ራሱ ነዋ። ስድቡ ጋ ድምፁን አጥፍቶ ወይ ቃሉን ገልብጦ የሬዲዮ ቅጂ ይልካል፣ ጣቢያውም ቅጣት ስለሚፈራ እሱን ያጫውታል። ጸያፍ ቃል የሚከለከለውም በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ነው። ክልከላው በክፍያ የሚደመጠውን የሳተላይት ሬዲዮ ደግሞ ጭራሽ አይመለከትም።