ኮምጣጤ የሚሸተው ቆርቆሮ

ርዕስ፦ ብርቅዬ የሙከራ ፊልም (ከተለመደው ሲኒማ ወጣ ያለ ፊልም) መሰብሰብ ጥበብን ማዳን ነው ወይስ መደበቅ? ተከራካሪዎቹ ሁለት የጅማ ሰዎች ናቸው፦ 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፊልም የሚሰበስብ ወጣትና ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበራቸው ጋሼ።

ሰብሳቢው፦ ጋሼ፣ እነዚህ ፊልሞች ትልቅ ሲኒማ ቤት ደርሰው አያውቁም። አሜሪካዊው የሙከራ ፊልም ሠሪ ስታን ብራኬጅ በፈረንጆቹ 1963 «ሞዝላይት»ን ሲሠራ ካሜራ እንኳ አልተጠቀመም። የእሳት እራት ክንፍና ቅጠል በግልጽ ቴፕ መሃል ለጠፈ፣ አለቀ። የሌላውን አሜሪካዊ የሙከራ ፊልም ሠሪ የጃክ ስሚዝን ፊልም ደግሞ በ1964 የኒውዮርክ ፖሊስ ወረሰው። አንድ ሰው ደብቆ ካልያዘው ማን ያተርፈዋል? እኔ በቀደም ሂርማታ ገበያ የሚስማር ማስቀመጫ ከተደረገ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ጥቅል አገኘሁ። ስከፍተው ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው ሽታ ልቤን አሞቀው።

ጋሼ፦ ቆይ ልጄ፣ ኮምጣጤ ነው ያልከው? እሱ እኮ የሬሳ ሽታ ነው። አሴቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው አሲድ ያወጣል፣ ይኮማተራል፣ አጠገቡ ያለውንም ይበክላል። ያውም በጅማ ክረምት! ጫማ አልጋ ሥር ሰንብቶ ሻጋታ በሚያበቅልበት አገር! አንተ ለቅሶ ቤት ገብተህ ሽቶ ታደንቃለህ።

ሰብሳቢው፦ የተከራከርነው ስለ ሽታ አይደለም። ፊልም ሠሪው ዮናስ ሜካስና ጓደኞቹ በ1970 ኒውዮርክ ላይ አንቶሎጂ የተባለውን የፊልም ማኅደር ባይከፍቱ ኖሮ ስንቱ ፊልም ይጠፋ ነበር። የእኛው ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ስ በምን ተቀረጸ? በ16 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ። ደግሞ እርስዎ በስንት ካሴት ላይ ነው የህንድ ፊልም ደርበው የቀዱት?

ጋሼ፦ ሜካስ ያስቀመጠውን ለሰው ያሳይ ነበር። አንተ ግን አልጋ ሥር አስቀምጠህ ታሸታለህ። ኮምጣጤዋን አልመለስክልኝም።

ሰብሳቢው፦ አልጋ ሥር አይደለም፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው! እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄልም አድርጌበታለሁ።

ጋሼ፦ እሺ፣ ቁም ሣጥን ይሁን። መቼ ነው የምታሳየን?

ሰብሳቢው፦ የፕሮጀክተሩ አምፖል ተቃጥሏል። ባይቃጠልም ለሚያላግጥብኝ ሰው አላሳይም።

ጋሼ፦ አምፖሉን እኔ አፈላልጋለሁ፣ አንተ ቀን ቁረጥ። ቆርቆሮውን ግን በረንዳ ላይ ክፈተው። ቤት ውስጥ ከከፈትከው ሰላጣ የቀረበ መስሎኝ እጄን ልታጠብ እነሳለሁ።