የባዶ ጠርሙስ ዋጋ

ጀርመን ውስጥ ውኃ ወይም ለስላሳ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ለጠርሙሱ 25 የዩሮ ሳንቲም ማስያዣ ይከፍላል። ባዶውን በየሱፐርማርኬቱ ለተተከለ ማሽን ሲያጎርሰው ማሽኑ ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ደረሰኙ ሒሳብ ሲከፍል እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጠርለታል። ማስያዣው የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ነው። በዚህ ምክንያት መንገድ ላይ የወደቀ ጠርሙስ ውሎ አያድርም።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ከሰፈር ሱቅ የሚወጣው ባዶ ተመልሶ ወይም ማስያዣ ተቀምጦ ነው። እዚህ ጀርመን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ማታ ማታ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ንጹሕ ካፖርት የለበሱ አዛውንት በባትሪ እያበሩ የቆሻሻ ቅርጫት ይፈትሻሉ። ከእነዚህ መካከል ጡረታቸው የማያደርሳቸው አሉ። አሳቢ የሆነ መንገደኛ እጃቸውን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይከቱ ብሎ ጠርሙሱን ከቅርጫቱ አጠገብ ያቆምላቸዋል። ደግነት ነው፤ ግን ቆም ብሎ እንደምን አመሹ የሚላቸው አላየሁም።

የእኛ ቆራሌው ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ቆራሊዮ!» ሲል በር ይከፈትለታል። እናቴ የተሰበረውን ወንበር፣ የዛገውን ምጣድ ክዳን፣ ያጠራቀመችውን ጠርሙስ ደጃፍ ላይ ትደረድራለች። «እማማ፣ ይሄ እኮ ዝጎ አልቋል» ይላታል፤ «አንተ ልጅ፣ ደህና አድርገህ እየው» ትለዋለች። ሲስማሙ ውኃ ታጠጣዋለች፣ ስለ አገሩ ዝናብም ትጠይቀዋለች። ይህን ጨዋታ ማሽን አይተካውም።

የሚያንገበግበኝ የሃይላንዱ ነገር ነው። ድሮ ሃይላንድ ታጥቦ ዘይት ይቀዳበታል፣ ነጭ ጋዝ ይገዛበታል እንጂ አይጣልም ነበር። ዛሬ ተጠጥቶ በመኪና መስኮት ይወረወራል፤ ክረምት ሲገባ ቦዩን ይደፍናል፣ ጎርፉም ወደ መንገዱና ወደ ደሃው ቤት ይዞራል። የብርጭቆ ጠርሙስ ቦይ ውስጥ የማይከማቸው ማስያዣ ስላለው ነው። ታዲያ ለሃይላንድ ምን ከለከለን? የጀርመኑን ማሽን መግዛት አይጠበቅብንም፤ የትኛው ግቢ ምን እንደሚያጠራቅም ቆራሌው ያውቃል። ማስያዣው ይደንገግ፤ ጠርሙሱን ሰብስቦ የሚያስረክበውም እርሱ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ የድካሙ ይታሰብለት።