ወይና ደጋ ሁሉ ከወባ ነፃ አይደለም

ወደ ባሕር ዳር ለሥራ ለሚዛወሩ ሰዎች «ወይና ደጋ ነው፣ ለኑሮ ይስማማል፤ ወባ የቆላ ነው፣ አጎበር ምን ያደርጋል?» የሚል ምክር በዝቷል። ወይና ደጋ መሆኑ ልክ ነው፤ ከተማዋ ያለችው 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ኑሮውም፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ደስ ይላል። ወባ ግን በአገራችን እስከ 2000 ሜትር ድረስ ባሉ ቦታዎች ትታወቃለች። ወይና ደጋ የሚባለው ደግሞ ከ1500 ሜትር ይጀምራል። ከ2400 ሜትር በላይ ያለችው ደብረ ማርቆስ ሌላ ጉዳይ ናት። የምትገቡበትን ሰፈር ከፍታ ስልካችሁ ላይ እዩ፤ ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያም ጠይቁ። አጎበር ከመተው የሚብሰው፣ ክረምቱ ሲወጣ የሚመጣን ትኩሳት «ጉንፋን ነው» ብሎ ሳይመረመሩ መሰንበት ነው።