የሲልቨር ስፕሪንግን ታሪክ ከድልድዩ እንጀምር

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለው ሲልቨር ስፕሪንግ የምንወስደው ለምሳ ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ክትፎ፣ ከዚያ ማኪያቶ፣ ከዚያ እንጀራና በርበሬ ሸምቶ መመለስ። ክፋት የለውም። ግን ይህን ያህል ዘመን ኖረንበት ከፓርኪንጉ ዋጋ ሌላ ስለ ሰፈሩ የምንነግረው ሲጠፋን ትንሽ ያሳፍራል።

በየቦታው የሚነገረው ታሪክ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ የዋሽንግተን ጋዜጠኛ ከከተማ ወጣ ብሎ በፈረስ ሲንሸራሸር የሚያብለጨልጭ ምንጭ አገኘና እዚያው ርስቱን መሠረተ። ዛሬ ምንጩ የነበረበት ቦታ ላይ የኦክ ፍሬ የመሰለች ዳስ ቆማለች። በ1873 ባቡር መጣ፤ ዲሲ ሠርቶ እዚህ ማደር ተቻለ። በ1978 የከተማ ባቡሩ ሜትሮ ሲገባማ ነገሩ ለየለት።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመሬቱ ሽያጭ ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ኢ. ብሩክ ሊና ሌሎች አልሚዎች መሬቱን ሸንሽነው ሲሸጡ፣ ብዙዎቹ ውሎች ላይ ጥቁር እንዳይገዛና እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ ነበር። የቤት ሠራተኛ ከሆነ ግን ማደር ይችላል! ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል አላስፈጽምም ያለው በ1948 ነው። የቤት መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የመጣው ደግሞ በ1968።

ታዲያ ጥቁሮቹ የት ይኖሩ ነበር? ከሐዲዱ ማዶ፣ ሊተንስቪል። ሳሙኤል ሊተን የተባለ ነጻ ጥቁር ሰው በ1853 መሬት ገዝቶ የጀመረው መንደር ነው። መንገዱ አስፋልት ሳያይ፣ ቤቶቹ የቧንቧ ውኃ ሳይገባላቸው ብዙ ዘመን ኖረዋል። ከወዲህ ማዶ ኖርዝ ዉድሳይድ፣ የነጮቹ ሰፈር። ሁለቱን የሚያገናኘው በ1918 የተሠራው የታልቦት አቬኑ ድልድይ ነበር። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ፣ ወለሉ እንጨት፣ ብረቱ ከባቡር መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ የተወሰደ። የሊተንስቪል ሰው ለሥራ የሚሻገረው በእሱ ላይ ነው። በ2018 የሁለቱም ሰፈር ሰዎች ተሰባስበው መቶኛ ዓመቱን አከበሩለት። በዓመቱ ለፐርፕል ላይን ባቡር ሥራ ፈረሰ። ቦታው ላይ አሁን አዲስ ድልድይ አለ።

ለእኔ የሲልቨር ስፕሪንግ ትልቁ ምልክት ይህ ድልድይ ነው። እንግዳችሁን ከምሳ በኋላ እዚያ ውሰዱት። «ይሄ የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ እንጂ የእኛ አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሻይ ቤት ስንቀመጥ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አይመስለኝም። ያ ውል «እኔ እኮ ሐበሻ ነኝ» ቢሉት አይሰማም ነበር። እኛ በ1980ዎቹና ከዚያ ወዲህ ሻንጣችንን ይዘን ስንደርስ በሩ ክፍት ሆኖ ያገኘነው፣ ሌሎች ታግለው ከፍተውት ነው።

ደግሞ ፐርፕል ላይን የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 26 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል፤ ሊተንስቪልንም ሲልቨር ስፕሪንግንም ይነካል። ባቡር ባለፈበት ኪራይ ይወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 ባወጣው ሕግ የብዙ መኖሪያ ቤቶች ኪራይ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ገድቧል። የሱቅ ኪራይ ግን እዚህ ሕግ ውስጥ የለም። ጆርጂያ አቬኑና ፌንተን ስትሪት ላይ ያሉት ምግብ ቤቶቻችንና እንጀራ መሸጫዎቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ተከራይ ናቸው። ባለቤቶቹ ዕድር እንደሚያቆሙት ተደራጅተው የካውንቲው ምክር ቤት ሕዝብ በሚያዳምጥበት ቀን ይሂዱና ይናገሩ። ደንበኞቻቸውም አብረን እንሂድ። የኪራይ ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው መሯሯጥ ዋጋ የለውም።